ሦስቱ የሕዋስ ንድፈ ሐሳብ መርሆች እኩል ክብደት አላቸውን?

የቀለም ቀንድ (ውይይቱን የከፈተ)

የሕዋስ ንድፈ ሐሳብ በሥነ ሕይወት መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ዘወትር በሦስት መርሆች ተጠቃሎ ይቀርባል። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ከአንድ ወይም ከብዙ ሕዋሳት የተገነባ ነው፤ ሕዋስ የሕይወት መሠረታዊ የመዋቅርና የተግባር አሃድ ነው፤ ማንኛውም ሕዋስ የሚገኘው ቀደም ሲል ከነበረ ሕዋስ ነው። ሦስቱ በአንድ ትንፋሽ ስለሚጠሩ፣ በአንድ ዘመን በአንድ ቡድን የተደረሰባቸውና በማስረጃ ጥንካሬም የማይበላለጡ ይመስላሉ።

እኔን ያስቸገረኝ የሚነሡት ልዩ ሁኔታዎች መብዛት ነው። ከአጥንት ጋር የተያያዘ ጡንቻ አንዱ ክር በአንድ ሽፋን ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኑክለሶችን (የዘር መመሪያውን የያዙ የሕዋስ ማዕከሎችን) ይዞ ይገኛል። የበሰለ የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ደግሞ ከነጭራሹ ኑክለስ የለውም። ቫይረስ ሕዋስ ሳይሆን ይባዛል። የመጀመሪያው ሕዋስስ ከየትኛው ሕዋስ ተገኘ? እንዲህ ያለ ነገር ሁሉ «ልዩ ሁኔታ ነው» እየተባለ ከታለፈ ንድፈ ሐሳቡ በምን ሊፈተን እንደሚችል ግልጽ አይሆንልኝም። ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ሦስቱ መርሆች በእርግጥ አንድ ዓይነት አባባሎች ናቸው? ሦስቱንም የደረሱባቸው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናውያን ተመራማሪዎች ሽላይደንና ሽቫን ናቸው መባሉስ ትክክል ነው?

---

አጉሊ መነጽር

ከሁለተኛው ጥያቄዎ ብጀምር ይሻላል፤ የመጀመሪያው መልስ በእርሱ ውስጥ አለና። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮበርት ሁክ በ1665 ዓ.ም. ባሳተመው ሥራው ላይ በተሳለ ቢላዋ እጅግ ስስ አድርጎ የቆረጠውን የቡሽ ልጣጭ፣ ነጭ ነገር በጥቁር ላይ ይበልጥ እንዲታይ ብሎ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አኑሮ እንዴት እንደመረመረው ይተርካል። ያየው በግድግዳ የተከፋፈሉ ባዶ ክፍሎችን ነበር። ሁክ በማየት ብቻ አልተወሰነም፤ ቆጠራቸው። በኢንች አንድ አሥራ ስምንተኛ ርዝመት ላይ 60 ያህል ክፍሎች ተደርድረው ስላገኘ፣ በአንድ ኢንች ርዝመት 1,080፣ በአንድ ካሬ ኢንች 1,166,400፣ በአንድ ኪዩቢክ ኢንች ደግሞ 1,259,712,000 ይሆናሉ ብሎ አሰላ። ሂሳቡን ወደ ዛሬው መለኪያ ብንመልሰው የአንዱ ክፍል ስፋት 23 ማይክሮሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ለቡሽ ሕዋስ ተገቢ መጠን ነው። ይሁን እንጂ ሁክ ያየው የሞቱ ሕዋሳትን ግድግዳ ስለነበረ፣ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ከእነዚህ የተሠራ ነው የሚል ሐሳብ አላቀረበም። ከእርሱ ጥቂት ዓመታት በኋላ በዴልፍት ከተማ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ራሱ ባበጀው ባለ አንድ ሌንስ መሣሪያ በውኃ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ደቂቅ ፍጥረታትን፣ በ1676 ዓ.ም. ደግሞ ባክቴሪያዎችን አየ። እርሱም ቢሆን ያያቸውን ፍጥረታት ከሁክ ክፍሎች ጋር አንድ ወገን አላደረጋቸውም።

ከሁክ እስከ ሽላይደን 173 ዓመት መፍጀቱ አንዳንዴ እንደ ስንፍና ይቆጠራል፤ ይህ ፍርድ ልክ አይመስለኝም። የዚያ ዘመን ባለ ብዙ ሌንስ ማይክሮስኮፖች የምስሉን ጠርዝ በቀለማት ይከቡትና ያደበዝዙት ስለነበር፣ በትልቅ ማጉያ ላይ የሚታየው ነገር ከዕቃው ይሁን ከመስተዋቱ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር። ይህ ጉድለት በወጉ የታረመው በ1830 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ሮበርት ብራውን በኦርኪድ ተክል ሕዋሳት ውስጥ ኑክለስን ለይቶ ያስታወቀውም በ1831 ዓ.ም. ነው።

ኑክለስ የነገሩ ቁልፍ ሆነ። የተክል ሕዋስ በግድግዳው ይታወቃል፤ የእንስሳ ሕዋስ ግን ግድግዳ የለውም፤ ቅርጹም እንደ አካሉ ክፍል ስለሚለያይ የነርቭ፣ የልም አጥንትና የቆዳ ሕዋሳት አንድ ዓይነት ነገር ናቸው ብሎ ለመናገር የሚያበቃ የጋራ ምልክት አልነበረም። ማቲያስ ሽላይደን በ1838 ዓ.ም. ተክሎች ከሕዋሳት የተገነቡ መሆናቸውን ሲያስረዳ ለኑክለስ ትልቅ ቦታ ሰጠ። ቴዎዶር ሽቫን ይህንኑ ምልክት ይዞ በእንቁራሪት እጭ የጀርባ ዘንግና በልም አጥንት ውስጥ ፈለገውና አገኘው፤ በ1839 ዓ.ም. ባሳተመው ሥራም ተክልም እንስሳም በአንድ ሕግ የሚገነቡ መሆናቸውን አወጀ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መርሆች የእነዚህ ሰዎች ናቸው ማለት እንችላለን።

ሦስተኛው ግን የእነርሱ አይደለም፤ እንዲያውም ይቃረናቸዋል። ሽላይደን ያስተማረው፣ በሕዋስ ውስጥ ባለው ፈሳሽ ጥቃቅን ቅንጣቶች ተጠራቅመው ኑክለስ እንደሚሠሩ፣ ከኑክለሱም ላይ ሽፋን ተነሥቶ እያደገ አዲስ ሕዋስ እንደሚሆን ነበር። ሽቫን ደግሞ ይህ በሕዋሳት መካከል ባለ ፈሳሽ ውስጥ ጭምር ይሆናል አለ፤ ከጠገበ የጨው ውኃ ውስጥ የጨው ቅንጣት (ክሪስታል) ተጠንስሶ እንደሚያድግ ሁሉ ሕዋስም ከፈሳሹ ይጠነሰሳል ማለቱ ነው። በተቃራኒው ባርተሌሚ ዱሞርቲዬ በ1832 ዓ.ም. በክር መሰል ዋቅላሚ (አልጌ) ውስጥ ሕዋስ በመካከሉ ግድግዳ እየተሠራበት ለሁለት ሲከፈል አይቶ ጽፎ ነበር፤ ሁጎ ፎን ሞልም በ1835 ዓ.ም. ተመሳሳይ ነገር አስታወቀ። በእንስሳት በኩል ጉዳዩን የቋጨው ሮበርት ሬማክ ነው። በ1841 ዓ.ም. በጫጩት ጽንስ የደም ሕዋሳት ክፍፍልን አየ፤ የእንቁራሪት እንቁላል ከመጀመሪያው ክፍፍል ጀምሮ እንዴት እንደሚከፋፈልም ተከታተለ፤ በ1852 ዓ.ም. ሕዋስ ከፈሳሽ ይጠነሰሳል የሚለውን ትምህርት በግልጽ ተቃወመ። ሩዶልፍ ቪርኾ በ1855 ዓ.ም. «ሕዋስ ሁሉ ከሕዋስ» የሚለውን ኃይለ ቃል አንሥቶ በ1858 ዓ.ም. በሽታንም ሳይቀር በሕዋስ ደረጃ የሚተነትን መጽሐፍ ሲያሳትም፣ መርሁ በስሙ ተጠራ።

ስለዚህ ሦስቱ መርሆች በዘመንም በባለቤትም ይለያያሉ። በይዘትም ይለያያሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሕይወት ያለው ነገር ምን እንደሚመስል ይገልጻሉ፤ ሦስተኛው ግን የዘር ሐረግ ይናገራል። እርስዎ የዘረዘሯቸው ልዩ ሁኔታዎች አብዛኞቹ የሚነኩት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ነው።

---

ኅብረ ሕዋስ

በዝርዝሩ እስማማለሁ፤ ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ ስለ ሬማክ ሲነገር ቪርኾ በ1855ቱ ጽሑፍ የእርሱን ሥራ ሳይጠቅስ ማለፉ መነገር አለበት። ሬማክ አይሁዳዊ በመሆኑና ሃይማኖቱን ለመለወጥ ባለመፈለጉ በፕሩሲያ የዩኒቨርሲቲ ሹመት ለብዙ ዘመን ተከልክሎ የኖረ፣ በ1859 ዓ.ም. ረዳት ፕሮፌሰርነት ብቻ የደረሰው ሰው ነው። ኃይለ ቃሉም ቢሆን የቪርኾ ፈጠራ አልነበረም፤ ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ራስፓይ በ1825 ዓ.ም. በጽሑፉ አናት ላይ አስፍሮት ነበር።

ሁለተኛ፣ ሽቫንን በተመለከተ አንድ የማይገባኝ ነገር አለ። በ1837 ዓ.ም. የተቀቀለ መረቅ በእሳት ግሎ ያለፈ አየር ብቻ እስከገባበት ድረስ እንደማይበላሽ በሙከራ ያሳየው፣ ማለትም ሕይወት ከሌለው ነገር ደቂቅ ፍጥረታት በድንገት ይወለዳሉ የሚለውን እምነት የተቃወመው፣ ራሱ ሽቫን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሕዋስ ከፈሳሽ ይጠነሰሳል ብሎ ሲጽፍ ይህ እንዴት አልቆረቆረውም?

---

አጉሊ መነጽር

ለሽቫን ሁለቱ አንድ ጥያቄ አልነበሩም። በመረቁ ሙከራ የተጠየቀው ዘአካል ያለ ወላጅ ይገኛል ወይ የሚል ነው። በሰውነት ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግን ሕያው ከሆነው አካል የመነጨ ስለሆነ፣ ከእርሱ ሕዋስ ቢጠነሰስ ወላጁ አካሉ ነው ማለት ይቻል ነበር። ከዚህም በላይ ሽቫን ሕይወት በልዩና በማይመረመር ኃይል ይመራል የሚለውን አስተሳሰብ ለማስወገድ የሚጥር ሰው ነበር። ሕዋስ እንደ ጨው ቅንጣት በተፈጥሮ ኃይሎች ብቻ ይሠራል ማለት መቻሉ ለዚህ ዓላማው ተስማሚ ነበር። ስሕተቱ ከመልካም ሐሳብ የወጣ ነው፤ በሳይንስ ታሪክ እንዲህ ያለው ስሕተት ለመነቀል ከሁሉ የሚያስቸግር ይመስለኛል።

የእይታ ምክንያትም አለ። ዛሬ እንደምናውቀው በእንስሳትና በተክሎች ሕዋስ ሊከፈል ሲል የኑክለሱ ሽፋን ይፈርሳል፤ ክፍፍሉ ሲያበቃ በሁለቱ አዳዲስ ሕዋሳት ውስጥ እንደገና ይሠራል። ቀለም ያልነካውን ሕዋስ በ1830ዎቹ መሣሪያ የሚመለከት ሰው ኑክለስ ሲጠፋ ያያል፤ ቆይቶም በጠራ ፈሳሽ መካከል አዲስ ኑክለስ ብቅ ሲል ያያል። ከዚህ ተነሥቶ «ኑክለስ ከፈሳሹ ተጠነሰሰ» ቢል አይፈረድበትም። በመካከሉ የሆነውን ያየው ቫልተር ፍሌሚንግ ነው። ሳላማንደር የተባለውን የእንቁራሪት ዘመድ ትልልቅ ሕዋሳት በሰው ሠራሽ ቀለም እያቀለመ፣ በኑክለሱ ውስጥ ያለው ነገር ወደ ክሮች እንደሚለወጥ፣ እያንዳንዱ ክርም በቁመቱ ተሰንጥቆ ግማሾቹ ወደ ሁለቱ ወገኖች እንደሚሄዱ በ1882 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ በዝርዝር አሳየ። ኑክለስ ይፈርሳል እንጂ አይጠፋም፤ ክሮቹ፣ ዛሬ ክሮሞሶም የምንላቸው፣ ሳይቋረጡ ይተላለፋሉ። የቪርኾ ኃይለ ቃል ስልት ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

---

ዋቅላሚ

ለሦስተኛው መርህ የተሰጠውን ክብር አልቃወምም፤ የመጀመሪያው ግን እዚህ በቀላሉ የታለፈ መሰለኝ። ካውለርፓ የተባለው የባሕር ዋቅላሚ ቅጠል መሰል፣ ግንድ መሰልና ሥር መሰል ክፍሎች አሉት፤ ርዝመቱም አንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። በውስጡ ግን አንዱን ሕዋስ ከሌላው የሚለይ ግድግዳ የለም፤ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ኑክለሶች በአንድ ሳይቶፕላዝም (ኑክለስን የሚከበው የሕዋስ ውስጣዊ ይዘት) ውስጥ ይኖራሉ። ፊዛረም የተባለው ዝልግልግ ፍጥረትም እንዲሁ ነው፤ ኑክለሶቹ በአንድ ጊዜ ይከፋፈላሉ፤ አካሉ ግን ወደ ሕዋሳት አይከፋፈልም። በተለመዱት ተክሎች ውስጥ እንኳ አጎራባች ሕዋሳት ግድግዳውን በሚያቋርጡ እጅግ ቀጫጭን የሳይቶፕላዝም መተላለፊያዎች የተያያዙ ናቸው።

ጀርመናዊው የተክል ተመራማሪ አንቶን ደ ባሪ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የያዘው አቋም፣ ተክሉ ሕዋሳትን ይሠራል እንጂ ሕዋሳት ተክሉን አይሠሩም የሚል ነበር። ሙሉው አካል ቀዳሚ ነው፤ መከፋፈሉ የአስተዳደር ጉዳይ ነው እንደ ማለት ነው። ካውለርፓን ላየ ሰው ይህ አባባል ሞኝነት አይመስለውም። ካውለርፓን «አንድ ግዙፍ ሕዋስ» ብለን በመጥራት ብቻ መርሁን አዳንነው ካልን፣ መርሁ ስለ ዓለም የሚናገረው ነገር አለ ወይስ የስም አወጣጥ ልማድ ብቻ ነው?

---

መርማሪ

የዋቅላሚ ጥያቄ ተገቢ ነው። የምመልሰው ግን ልዩ ሁኔታ የሚባሉትን አንድ በአንድ ወስዶ «ይህ ነገር ከምን ተገኘ?» ብሎ በመጠየቅ ነው።

የጡንቻ ክር ብዙ ኑክለሶች ያሉት ከመነሻው እንዲህ ሆኖ ስለተፈጠረ አይደለም። በጽንስ ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ኑክለስ ያላቸው ለጋ የጡንቻ ሕዋሳት ተሰልፈው፣ ሽፋኖቻቸው ተዋህደው አንድ ረጅም ክር ይሆናሉ። ክሩ ሲጎዳም የሚጠገነው በጎኑ ተለጥፈው የሚጠባበቁ፣ ባለ አንድ ኑክለስ ሕዋሳት ተባዝተው ሲዋሃዱት ነው። ቀይ የደም ሕዋስም በአጥንት መቅኔ ውስጥ ኑክለስ ካለው ሕዋስ ይገኛል፤ መብሰያው ላይ ሲደርስ ኑክለሱን አውጥቶ ይጥላል። ከዚያ በኋላ 120 ቀን ያህል ኦክስጅን ሲያመላልስ ይኖራል፤ ሊከፈል ወይም የጎደለ ፕሮቲኑን ሊተካ ግን አይችልም። ካውለርፓ በጾታ የሚራባው ኑክለስ ያላቸው ጥቃቅን የዘር ሕዋሳት ለቆ፣ እነርሱም ሁለት ሁለት ሆነው ሲዋሃዱ ነው። እንግዲህ በቅርጽ ከሕጉ የወጡት ሁሉ በትውልድ ሕጉን ይጠብቃሉ። ሦስተኛውን መርህ ከሌሎቹ የምለየው ለዚህ ነው፤ አንድ አካል በመካከል ሕዋስነቱን ቢያደበዝዝ እንኳ ወደ ቀጣዩ ትውልድ የሚሻገረው በሕዋስ በኩል ነው።

የመጀመሪያው መርህ የስም አወጣጥ ብቻ አለመሆኑን ግን አንድ ትልቅ ክርክር ያሳያል። ካሚሎ ጎልጂ በ1873 ዓ.ም. ባወጣው የብር ማቅለሚያ ዘዴ ከብዙ የነርቭ ሕዋሳት መካከል ጥቂቶቹ ብቻ ከእነ ቅርንጫፎቻቸው ሙሉ በሙሉ ጠቁረው ይታያሉ። ጎልጂ ራሱ ቅርንጫፎቹ ተጋጥመው አንድ የማይቋረጥ መረብ ይሠራሉ ብሎ አመነ፤ ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ አንጎል ከሕዋስ ንድፈ ሐሳብ ውጭ በሆነ ነበር። ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካኻል የጎልጂን ዘዴ ወስዶ፣ በተለይም ገና ባልበሰለ የእንስሳ አንጎል ላይ እየተጠቀመ፣ ቅርንጫፎቹ እርስ በርስ ይቀራረባሉ እንጂ አይዋሃዱም አለ። በ1906 ዓ.ም. ለሁለቱም በአንድነት የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው፤ ጎልጂ በዚያው የሽልማት ንግግሩ የካኻልን ሐሳብ ተቃወመ። በቀጣዩ ዓመት ሮስ ሃሪሰን ከእንቁራሪት ጽንስ የወሰደውን የነርቭ ሕብረሕዋስ ከአካሉ ውጭ በረጋ ፈሳሽ ጠብታ ውስጥ አኑሮ፣ የነርቭ ክር ከአንድ ሕዋስ ወጥቶ ብቻውን ሲያድግ በዓይኑ ተከታተለ። በ1950ዎቹ ደግሞ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በሁለት የነርቭ ሕዋሳት መካከል 20 ናኖሜትር ያህል ክፍተት መኖሩን አሳየ። ይህ ሁሉ የሆነው ተቃራኒው እውነት ሊሆን ይችል ስለነበር ነው። ንድፈ ሐሳብ የሚፈተነው እንዲህ ነው።

---

ዋቅላሚ

የነርቩን ክርክር እቀበላለሁ፤ ጥሩ ምሳሌ ነው። የካውለርፓው ቅሬታዬ ግን እንዳለ ይቆይልኝ። አካሉን የሚቀርጸው የሕዋሳት ድርድር ካልሆነ፣ ቅጠል መሰሉን ክፍል ከሥር መሰሉ የሚለየው ምን እንደሆነ የመጀመሪያው መርህ አያስረዳም።

---

የቀለም ቀንድ

እስካሁን ለተሰጡት ማብራሪያዎች አመሰግናለሁ። ሦስተኛው መርህ ከሁሉ የጸና ከሆነ ግን ከበድ ያለው ጥያቄ ወደ እርሱ ይዞራል። የመጀመሪያውን ሕዋስ ነገር ምን እናድርገው? ዛሬ በቤተ ሙከራ ሕዋስ ተሠራ የሚባለው ዜናስ መርሁን አያፈርሰውም? ቫይረስንም አትርሱት።

---

አጉሊ መነጽር

ስለ ቫይረስ ባጭሩ፦ ዌንደል ስታንሊ በ1935 ዓ.ም. የትምባሆ ቅጠል በሽታ ቫይረስን እንደ ጨው በቅንጣት መልክ አጥርቶ አወጣው፤ በዚያ መልኩ ተቀምጦ ቆይቶም ተክሉን መልሶ ማሳመም ይችላል። በራሱ አይመገብም፣ ኃይል አያመነጭም፣ ፕሮቲን አይሠራም፤ የሚባዛው የሕዋስን ፕሮቲን መሥሪያ ተጠቅሞ ነው። ሕያው ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር አያልቅም፤ ንድፈ ሐሳቡን ግን ብዙ አይጎዳውም፤ ያለ ሕዋስ መባዛት አለመቻሉ ለንድፈ ሐሳቡ ይመሰክራልና።

የመጀመሪያው ሕዋስ ጉዳይ ሰፋ ያለ ነው። ሉዊ ፓስተር ከ1859 ዓ.ም. ጀምሮ አንገታቸው እንደ ዳክዬ በተቆለመመ ጠርሙሶች ባደረገው ሙከራ፣ መረቁ አየር እያገኘ እንኳ አቧራ እስካልደረሰበት ድረስ ሳይበላሽ እንደሚቆይ፣ አንገቱ ሲሰበር ግን በቀናት ውስጥ እንደሚደፈርስ አሳየ። ይህ ሙከራ የሚናገረው ዛሬ ባለችው ምድር፣ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ፣ በሰው ዕድሜ ስለሚሆነው ነገር ነው። ከ3.5 ቢሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት የነበረችው ምድር ነጻ ኦክስጅን በአየሯ ውስጥ ያልነበራት፣ የተገኘውን ምግብ ፈጥኖ የሚጨርስ ባክቴሪያም ገና ያልሞላባት ነበረች። ስለዚህ መርሁን በጥንቃቄ መግለጽ የሚፈልግ ሰው «ዛሬ የምናየው ሕዋስ ሁሉ» ብሎ ቢጀምር፣ የሕይወትን አመጣጥ ለኬሚስቶች ጥያቄ ትቶ መርሁን ሳይሸራርፍ ይይዘዋል።

---

መርማሪ

ስለ ቤተ ሙከራው ሕዋስ። በ2010 ዓ.ም. በአሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች የአንድ ባክቴሪያን ሙሉ ዲ.ኤን.ኤ.፣ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ የፊደል ጥንዶችን የያዘውን፣ ከኬሚካል ተነሥተው ሠርተው በሌላ ዝርያ ባክቴሪያ ውስጥ ተከሉት። ተቀባዩ ሕዋስ በአዲሱ መመሪያ መመራት ጀመረ፤ ዘሮቹም የአዲሱን ዝርያ ጠባይ ያዙ። በ2016 ዓ.ም. ይኸው መመሪያ ተቀንሶ 473 ጂኖች ብቻ ቀርተውት እንኳ የሚያድግና የሚከፈል ሕዋስ አስገኘ። በዜናው ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነገር ግን ተቀባዩ ነው። ሽፋኑ፣ ሳይቶፕላዝሙ፣ ፕሮቲን የሚሠሩት ራይቦዞሞች ሁሉ ከሕያው ሕዋስ የተገኙ ነበሩ። ዲ.ኤን.ኤ. በብልቃጥ ውስጥ ብቻውን ቢቀመጥ ምንም አያደርግም፤ እርሱን የሚያነብበው መሣሪያ ራሱ በዲ.ኤን.ኤ. ትእዛዝ ቀደም ብሎ የተሠራ መሆን አለበትና።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ጊዜ ከትምህርት ውጭ ሆኖ ይቀራል። ከእናት ወደ ልጅ ሕዋስ የሚተላለፈው የዘር መመሪያ ብቻ አይደለም። ሽፋን የሚያድገው አዳዲስ ቅባቶችና ፕሮቲኖች በነባሩ ሽፋን ላይ እየተጨመሩበት ነው። ለሕዋሱ ኃይል የሚያመነጩት ክፍሎች፣ ማይቶኮንድሪያም፣ ከባዶ አይሠሩም፤ ከነባር ማይቶኮንድሪያ በመከፈል ይገኛሉ፤ የራሳቸው ጥቂት ዲ.ኤን.ኤ. አላቸው። ሊን ማርጉሊስ በ1967 ዓ.ም. ማይቶኮንድሪያ በጥንት ዘመን ወደ ሌላ ሕዋስ ገብተው የቀሩ ባክቴሪያዎች ናቸው የሚለውን ሐሳብ በሰፊ ማስረጃ ስታቀርብ፣ በመጀመሪያ ተቃውሞ ገጠማት፤ ዛሬ ግን ሐሳቡ የተረጋገጠ ነው። እንግዲህ በእያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ የሁለት ጥንታዊ ሕዋሳት የዘር ሐረግ አብሮ ይሄዳል። ቪርኾ ይህን ሊያስበው ባይችልም ኃይለ ቃሉ በውስጠኛው ክፍልም ይሠራል።

---

የቀለም ቀንድ

ይህ በጣም ግልጽ ነው። አሁን ያልተነካው ሁለተኛው መርህ ነው። «የተግባር አሃድ» ሲባል ለተማሪ በዓይን የሚታይ ምን ነገር አለ? ሕዋሳት በአብዛኛው ትንንሽ የመሆናቸው ምክንያትስ ከዚህ ጋር ይያያዛል?

---

ኅብረ ሕዋስ

ከትንሽነቱ ልጀምር። ሕዋስ ምግብና ኦክስጅን የሚያስገባው፣ ቆሻሻም የሚያስወጣው በሽፋኑ በኩል ነው። ፍላጎቱ ከይዘቱ ጋር ይጨምራል፤ መግቢያው ግን ከሽፋኑ ስፋት ጋር ብቻ። ጎኑ 10 ማይክሮሜትር የሆነ ኪዩብ ብንወስድ የገጽታው ስፋት 600 ካሬ፣ ይዘቱ 1,000 ኪዩቢክ ማይክሮሜትር ነው። ጎኑ 100 ሲሆን ገጽታው 60,000፣ ይዘቱ 1,000,000 ይሆናል። ለእያንዳንዱ የይዘት ክፍል የሚደርሰው ሽፋን ከ0.6 ወደ 0.06 ወረደ ማለት ነው። ላይ በላዩም፣ በስርጭት ብቻ የሚጓዝ ነገር ርቀቱ 10 እጥፍ ሲሆን የሚፈጀው ጊዜ 100 እጥፍ ይሆናል። ከዚህ ወሰን የሚያልፉ ሕዋሳት አንድ ዘዴ አላቸው፤ የነርቭ ሕዋስ ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ውፍረቱ ግን ጥቂት ማይክሮሜትር ነው፤ የእንቁላል አስኳልም ግዙፍ የሆነው አብዛኛው ይዘቱ ሥራ የማይሠራ የተከማቸ ምግብ ስለሆነ ነው።

በዓይን ለሚታየው ደግሞ ቀይ ሽንኩርት ይበቃል። ከውጭ በኩል ያለውን ሐምራዊ ስስ ልጣጭ በወረንጦ ገፍፎ፣ ሳይጨማደድ በአንድ ጠብታ ውኃ ውስጥ በመስተዋት ላይ ማንጠፍና በስስ መስተዋት መክደን ነው። አዮዲን አይጨመርበትም፤ አዮዲን ኑክለሱን አጉልቶ ቢያሳይም ሕዋሱን ይገድለዋል። በ100 እጥፍ ማጉያ ሲታይ እያንዳንዱ ክፍል እስከ ግድግዳው ድረስ በሐምራዊ ፈሳሽ የተሞላ ነው። ከዚያ በክዳኑ አንድ ጠርዝ የጨው ውኃ ጠብ አድርጎ፣ በሌላው ጠርዝ በማጣሪያ ወረቀት ውኃውን መሳብ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ሐምራዊው ክፍል ከማዕዘኖቹ መላቀቅ ይጀምራል፤ እየተኮማተረም በግድግዳው መካከል ድቡልቡል ሆኖ ይቀራል፤ ቀለሙም ስለታመቀ ይጠቁራል። ግድግዳው ባለበት ነው። ሁክ ያየው ያንን ግድግዳ ነበር፤ እየተኮማተረ የሚታየው የሕዋሱ ሕያው ክፍል ነው። በዚያው መንገድ ንጹሕ ውኃ ቢጨመርበት ተመልሶ ይሞላል።

---

የቀለም ቀንድ

በፈላ ውኃ የተነከረ ልጣጭስ እንዲሁ ይሆናል?

---

ኅብረ ሕዋስ

አይሆንም። ሙቀቱ ሽፋኑን ስለሚያበላሸው ሐምራዊው ቀለም ወደ ውኃው ይፈስሳል፤ ጨው ቢጨመር የሚኮማተር ነገር አይኖርም። ይህን ለማየት ግን የግድ መቀቀል አያስፈልግም። ልጣጩ በተገፈፈበት ጠርዝ ላይ የተቀደዱ ሕዋሳት ይኖራሉ፤ ቀለማቸው ፈስሶ ባዶ ሆነው ይታያሉ፤ ጨውም ውኃም አይለውጣቸውም። ከእነርሱ ቀጥሎ፣ በአንድ ግድግዳ ብቻ ተለይቶ ያለው ሕዋስ ግን ሙሉ በሙሉ ይኮማተራል፤ ውኃ ሲያገኝም ይመለሳል። የጎረቤቱ ሞት ወደ እርሱ አልተሻገረም። በሁለቱ መካከል ዋቅላሚ የጠቀሳቸው መተላለፊያዎች ቢኖሩም፣ ሕዋሱ ጉዳት ሲደርስ ስለሚዘጋቸው ነው።